በፎጣ ስር የተገዛው ኮምፒዩተር

አኮ ኩብራ በሬያቸው ሲሸጥ አጠገቡ ቆመው ነበር። ዋጋውን የሰሙት ግን ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።

ከበደሳ ገበያ ጎድኑ የሚቆጠር ወይፈን ሳለ የገዙት እሳቸው ናቸው። የበቆሎ አገዳ እየቆራረጡ በእጃቸው ያጎረሱት፣ ጎረቤት የጣለውን ገረባ፣ የጫት ተረፈ ቅጠል፣ እየለቀሙ ያበሉት፣ ዝንብ ሲያስቸግረው በነጠላቸው ጫፍ ያባረሩለት እሳቸው ናቸው። ጭሮ ከብት ገበያ ሲደርሱ ግን ልጃቸው ቡርሃን ገመዱን ከእጃቸው ወሰደና «እማ፣ አንቺ እዚያ ጥላው ስር ቁጭ በይ» አላቸው።

ገዢው መጣ። ቡርሃን ከትከሻው ላይ ፎጣውን አወረደ፤ ሁለቱ ወንዶች በፎጣው ስር እጅ ለእጅ ተያያዙ። በዚያ አገር ልማድ የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ በጨርቅ ስር ጣት በጣት ተጨባብጦ ነው የሚነጋገሩት። ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያየው ፊታቸውን ብቻ ነው። አንዱ ይኮሳተራል፣ አንዱ እጁን መንጭቆ ሊሄድ ይነሳል፣ ደግሞ ይመለሳል።

«ስንት አለ?» አሉ አኮ ኩብራ።

«እማ፣ ረጋ በይ። የወንድ ነገር ነው።»

«በሬውስ የማን ነው?»

ቡርሃን ፊቱን ወደ ገዢው መለሰ። እንግዲህ ሰው እንዲህ ነው፤ ፀጉርሽ ሲሸብት አእምሮሽም አብሮ የሸበተ ይመስለዋል። አኮ ኩብራ ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫት ሲሸጡ ሲገዙ የኖሩ ሴት ናቸው። እስር ጫት ከላይ ለምለሙን አሳይቶ መሃሉ ላይ የጠወለገውን እንደሚደብቅ ያውቃሉ፤ ፈትተው ሳያዩ የገዙት እስር የለም። ያን ቀን ግን እንደ አጥር እንጨት ቆመው ቀሩ።

በሬው የተሸጠው ለኮምፒዩተር ነበር፤ ያውም ጌም ለሚጫወቱበት ኮምፒዩተር። ሳቃችሁ? ሳቁ፤ ሰፈሩም ስቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አኮ ኩብራ የሟች ሴት ልጃቸውን ልጅ ሳብሪናን ያሳድጋሉ። «አኮ» የምትላቸው እሷ ናት፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው፤ ከእሷ ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ስማቸው አደረገው። ሳብሪና ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ ወጣት ናት። የኳስ ጌም ትወዳለች። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለ ጌም ቤት እንደምትገባ ሰው ለአያቷ ነገራቸው፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱና ከበር ጠሯት።

«ከዚህ ሁሉ ጉንጩን ከወጠረ ጎረምሳ መሃል ምን ትሠሪያለሽ?»

«አኮ፣ ሁሉንም አሸነፍኳቸው እኮ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! ያኛውማ ሊያለቅስ ነበር።»

አኮ ኩብራ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ዋጡት። ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ለኢድ የጭሮ፣ የበደሳና የቦርደዴ ወጣቶች በኮምፒዩተር የሚጋጠሙበት የኳስ ጌም ውድድር አለ። ከጭሮ ከተመዘገቡት ሴቷ እሷ ብቻ ናት። የምትለማመድበት ደግሞ ጌም ቤቱ ብቻ ነው።

«ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ካለኝ ጌም ቤት አልሄድም። ወላሂ አልሄድም» አለች።

«እንግዲያው እኔም ቃል ገባሁ» አሉ አኮ ኩብራ። «በሬው ለዚህ ይሸጣል። አንቺ እግርሽን ትሰበስቢያለሽ፣ እኔ ዕቃውን አመጣለሁ።»

በዚህ ቃል ተጨባበጡ። በግልጽ፣ ያለ ፎጣ።

በሬው በተሸጠ ማግስት ቡርሃን ሊገዛ ተነሳ። ቡርሃን የጫት ደላላ ነው፤ ዋጋ በማውረድ ጭሮ የሚያውቀው፣ በዚህም ደረቱን የሚነፋ ሰው። ሳብሪና አዋቂ ነኝ አላለችም። ጀማሪ ናት፤ ግን ስትጠይቅ፣ በስልኳም ስታይ ከርማለች።

«አጎቴ፣ መጀመሪያ የምጫወተውን ጌም እንንገራቸው። ጌሙ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን እንይ። ምስሉን የሚሠራው እሱ ነው…»

«አንቺ ልጅ፣ ዋጋ ማውረድ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፤ ግን…»

«አቦ፣ ካላወቅሽ ተይው! ሱቁ የጃዕፈር ነው። የኢንሳፍ ወንድም! የሚስቴ ወንድም ይጎዳኛል?»

ሳብሪና ወደ አያቷ ዞረች። «አኮ፣ አንቺ እንኳ ንገሪው…»

«አጎትሽ ገበያ ያውቃል» አሉ አኮ ኩብራ። «ትናንት ተወልደሽ ገበያ አታስተምሪ።»

ይህችን ቃል ልብ በሏት። ከብት ገበያ ላይ አፋቸውን ያስያዟቸው ሴት፣ በማግስቱ ቤታቸው ውስጥ የልጅ ልጃቸውን አፍ አስያዙ። የተናቀ ሰው ሌላ ሰው ለመናቅ አይዘገይም።

ቡርሃን ሊወጣ ሲል ግን አላስቻላቸውም። «ብቻ ሳትከፍቱት እንዳትገዙ» አሉት።

ቡርሃን ከት ብሎ ሳቀ። «እማ፣ ይሄ እስር ጫት አይደለም የሚፈታው! ደግሞ የአማች ዕቃ ይፈተሻል? ነውር ነው።»

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በራቸው ላይ ቆመ። ቡርሃን አንድ ትልቅ ሣጥን አቅፎ ወረደ፤ ጎኑ መስታወት ነው። ሲሰኩት ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ያብረቀርቅ ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ። ማሻአላህ ተባለ። አንዷ «የሰርግ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!» አለች።

ቡርሃን የሱቁን ውሎ ደጋግሞ ተረከ። «እጁን በፎጣ ስር ያዝኩት። አንዴ ጨበጥኩት፣ ወረደ። ደግሜ ጨበጥኩት፣ ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ ላብ አጠመቀው! ከጠራው ዋጋ ግማሹን አስጣልኩት፤ በተረፈው ይሄን ሰፊ ስክሪን ጨመርኩበት። እንዲህ ነው ገበያ!»

ሁሉም አደነቁት። ሳብሪና ብቻ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች፤ አየችና ምንም ሳትል ቀና አለች። ይሉኝታ ያዛት። በእንግዳ ፊት አጎቷን ማዋረድ መሰላት። ይሄ የእኛ በሽታ ነው፤ ገንዘባችን ሲቃጠል እያየን፣ ሰው እንዳይከፋው ብለን እሳቱን አናጠፋም።

ጎረቤት ሲበተን ጌሙን ጫነችና ከፈተች። አኮ ኩብራ በርጩማቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ተጫዋቾቹ ወጡ፤ ፉጨቱ ተነፋ፤ አንዱ ሮጠ፤ ሮጠና አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። ኳሷም አየር ላይ ተንጠልጥላ ቆመች።

«ምን ሆነው ቆሙ? አዛን ሰሙ እንዴ?» አሉ አኮ ኩብራ።

ሳብሪና አልሳቀችም። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ተንቀሳቀሰ፤ ኳሷ ግን የሳብሪና ቡድን መረብ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ደግሞ ቆመ። ከሣጥኑ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። በዚያ መሃል መብራቱ አንዴ ድርግም ብሎ መጣ፤ የቤቱ አምፖል በራ፤ ማሽኑ ግን ጠፋ፤ ዳግም ሲከፍቱትም ጌጡ መብራት ብቻ በራ።

ቡርሃን ተጠራ። «ልጅቷ ስለማትችልበት ነው» አለ። «ዕቃው አዲስ ነው። ጀማሪ ስለሆነች ነው።»

«መልሰው» አሉት እናቱ።

«እንዴት ብዬ? አማቼ ነው እኮ! ኢንሳፍ ምን ትለኛለች? ወንድሜን ሌባ አልከው ብትለኝስ? እማ፣ በዕቃ ምክንያት ዝምድና አይፈርስም።»

ይህን ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር ሥራ አለብኝ ይል ጀመር።

ኢዱ እየቀረበ ሄደ። ሣጥኑ ጥግ ላይ ቆሞ ያብረቀርቃል። ጓሮው ውስጥ ደግሞ የበሬው ገመድ ባዶውን ተንጠልጥሏል። አኮ ኩብራ አንዱን ባዩ ቁጥር ሌላው ያበግናቸዋል። አንድ ረፋድ ላይ ሳብሪናን ቢጠሯት የለችም። የት እንዳለች መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ወደ አውቶቡስ ተራ ሄዱና ጌም ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ሳብሪና! ውጪ!»

ልጅቷ ወጣች። ከውስጥ አንዱ «ኮምፒዩተሯ ለጌጥ ነው አሉ!» ብሎ ተናገረባት፤ ሌሎቹም አጀቡት።

«ቃልሽ የታለ?» አሉ አኮ ኩብራ።

«ያንቺስ?» አለች ሳብሪና። «ዕቃውን አመጣለሁ ብለሽኝ ነበር። ያመጣችሁልኝ መብራት ነው። አኮ፣ ውስጡ ካርድ የለም። ግራፊክስ ካርድ ያልኩት ነገር ከነጭራሹ የለም። የቢሮ ማሽን አዲስ ልብስ አልብሰው ነው የሰጡት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬያለሁ። እሱ ዝም አስባለኝ። ወደ አንቺ ዞርኩ፤ አንቺም ዝም አስባልሽኝ።»

አኮ ኩብራ የከብት ገበያው ትዝ አላቸው። «የወንድ ነገር ነው» የተባሉት ቃል እንደ እሾህ እስካሁን ይወጋቸዋል። ለካ እሳቸውም ያንኑ እሾህ በዚህች ልጅ ላይ ሰክተዋል።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ካርዱ ምንድነው? ለኔ በሚገባኝ አስረጂኝ» አሉ።

«በሬ ስትገዢ ምኑን ነው የምታይው?»

«ሻኛውን እጨብጣለሁ። ጎኑን እዳስሳለሁ። አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ። አስነድቼ አረማመዱን አያለሁ።»

«ቀንዱንስ?»

«ቀንድ ይበላል እንዴ?»

«አጎቴ የገዛው ቀንዱን ነው፣ አኮ።»

አኮ ኩብራ ተነሱ። «በይ ነይ» አሉ።

ቡርሃንን ከጫት ተራ ከሰው መሃል ጠርተው አስነሱት። ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ወይ ፍንክች። ሣጥኑን አስይዘው ከፊት ከፊት እየነዱት ጃዕፈር ሱቅ ደረሱ። ጃዕፈር ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለ።

«አኮ ኩብራ! ደህና ነዎት? ይግቡ፣ ለስላሳ ላስመጣልዎት…»

«ለስላሳ አልጠማኝም። ይህን ክፈተው።»

ጃዕፈር ቡርሃንን አየው፤ ቡርሃን ጣሪያውን አየ። ጃዕፈር ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት በጣቱ አመለከተ።

«ምን ይላል?» ብለው ሳብሪናን ጠየቋት።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል።»

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ አኮ ኩብራ። «ስለዚህ እኔን አይመለከተኝም። ክፈተው አልኩህ።»

«አኮ፣ ዘመዳሞች ነን እኮ። ዘመድ የዘመዱን ዕቃ ሲፈትሽ ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«ስማኝ ልጄ። ከእህቴ ከሀኒፋ፣ አላህ ይማራትና፣ ጫት ስገዛ በፊቷ እፈታ ነበር። እሷም ከኔ ስትወስድ ትፈታ ነበር። እስክትሞት ድረስ ተኮራርፈን አናውቅም። የሚኮራረፉት ሳይፈቱ የሚገዙት ናቸው። እቤታቸው ሄደው ነው የሚፈቱት፤ ከዚያ ይጣላሉ።»

ጃዕፈር ብሎኖቹን ፈታ፤ መስታወቱንም አነሳ። ውስጡ ከአንድ ቀጭን ሰሌዳና አምፖሎቹን ከሚያበሩት ሽቦዎች በቀር ሰፊ ባዶ ቤት ነበር። አኮ ኩብራ አጎንብሰው አዩና «ሆዱ ባዶ ነው» አሉ። «ይኼ በሬ ሳይበላ ነው የመጣው።»

ጃዕፈር ግንባሩን ጠረገ። «እውነቱን ልናገር?» አለ። «መጀመሪያ ያቀረብኩለት ካርድ ነበረው። ጥሩ ነበር። ቡርሃን እጄን ጨበጠና ቀንስ አለኝ፤ ካርዱን አወጣሁ። ደግሞ ቀንስ አለኝ፤ ማሽኑን ከሚያፈጥኑት ከሁለቱ ራሞች አንዱን ነቀልኩ። ሦስተኛ ሲጨብጠኝ ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለውን ጥሩ ፓወር ሰፕላይ በርካሽ ቀየርኩት። መብራቶቹን እንዳትነካ አለኝ፤ እነሱን ተውኩ።»

«ይህን ሁሉ ነገርከው?»

«በፎጣ ስር ጣት ነው ያለው አኮ፤ ምላስ የለም። እሱም የጠየቀኝ ዋጋ ብቻ ነው። ለምን ሥራ እንደሚፈልገው እንኳ አልነገረኝም።»

«እጅህ ፎጣ ስር ነበር፤ አፍህ ግን ውጭ ነበር» አሉት። «አማች ብትሆን ሳትጠየቅ በነገርከው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሊጮሁበት አስበው ነበር፤ ሲያዩት ግን አንገቱን ደፍቶ ባዶውን ሣጥን ያያል።

«እኔ ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር» አለ ቡርሃን ቀስ ብሎ።

«ማንን? የእህትህን ልጅ ነው ያሸነፍካት። በሬ ዋጋው ሲወርድ እግሩ አይጎድልም፣ ቡርሃን። በስንትም ተሸጠ በስንት፣ በአራት እግሩ ነው ወደ ቤት የሚሄደው። ይሄ ግን ዋጋው በወረደ ቁጥር አንድ እግር ይጎድለዋል። አንተ ዋጋ አወረድኩ ብለህ ስትፎክር፣ በሽባ በሬ ነው ተጭበርብረህ የመጣኸው። ይህን ልጅቷ ታውቅ ነበር። አንተ አልሰማሃትም።» ፊታቸውን ወደ ልጅቷ መለሱ። «እኔም አልሰማኋትም።»

ይህን ለመናገር ከብዷቸው ነበር፤ ግን ተናገሩት።

«አሁን አንቺ ተናገሪ» አሏት ሳብሪናን። «ማንም አፍሽን አይዘጋውም።»

ሳብሪና ወደ ባንኮኒው ተጠጋች። መጀመሪያ የጌሙን ስም ተናገረች። «ጥሩ ካርድ ያለው ይሁን» አለች። «ሣጥኑ ቢያረጅ፣ ቢጫጫር ግድ የለኝም። ራም አሁን ትንሽ ቢሆንም በኋላ ሲገኝ ይጨመራል። ፓወር ሰፕላዩ ግን ጠንካራ ይሁን፤ ርካሽ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ያቃጥላል። ስክሪኑ በትንሽ ይቀየርልኝ፤ ከዚያ በሚተርፈው ስታቢላይዘር እንገዛለን፤ የጭሮን መብራት ታውቁታላችሁ። ያገለገለ ቢሆንም እሺ ነው፤ ብቻ ሲሠራ ልየው።»

ጃዕፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት። «ይህን ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ፤ የአኮ ኩብራን ዓይን አየና አልጨረሰውም። የሚያብረቀርቀውን መልሶ ተቀበለና ከጀርባ ገብቶ በምትኩ አቧራ የጠጣ ጥቁር ሣጥን ይዞ ወጣ። አንድ ጎኑ ተጭሯል፤ መብራት የሚባል የለውም። ይህን ደግሞ ክፈተው ሳይሉት ራሱ ከፈተው። ሳብሪና አጎንብሳ አየች፤ ፊቷ ቀስ እያለ ፈካ።

«አለ፣ አኮ» አለች።

እናንተም ልጅ ያላችሁ፣ ልጅም የሆናችሁ ስሙ። ጀማሪ መሆን ነውር አይደለም፤ ጀማሪ ሆኖ አለመጠየቅ ነው ነውሩ። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ዋናውን ዕቃ ግዙ፤ ጌጡ ይቅር። ለምን እንደምትፈልጉት ሳትናገሩ ስንት ነው አትበሉ። የሚጠቀምበትን ሰው ሳትሰሙ አትግዙለት፤ ዘመድ ቢሸጥላችሁም አስከፍታችሁ እዩ። ዘመድነቱ የሚታየውም ያኔ ነው።

ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ጃዕፈር ዋጋ ሊናገር አፉን ሲከፍት ግን የቡርሃን እጅ፣ ልማድ ክፉ ነውና፣ ቀስ ብሎ ወደ ትከሻው ሄደ። ፎጣውን ያዘ።

አኮ ኩብራ አዩት።

«እጅህን አውርድ! ፎጣውን ለኔ ስጠኝ። አዎ፣ ስጠኝ።» ተቀብለው ባንኮኒው አጠገብ ያለ በርጩማ ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት። «ጃዕፈር፣ ዋጋውን በአፍህ ተናገር፤ ሳብሪና ትስማው፣ እኔም ልስማው። ቡርሃን፣ ቀንስ ልትል ከፈለግህ መጀመሪያ ምኑ እንደሚወጣ ጠይቅ፤ መልሱን ልጅቷ ትስጥህ። አሁን ሰካው፣ ጌሙን ክፈትላት። እስኪግል ድረስ ትጫወት። እኔ ከዚህ አልነሳም።»

ሦስቱም ፎጣው ላይ የተቀመጡትን ሴት ትክ ብለው አዩ።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? አብሩት እንጂ!»